ከገላን እስከ ባቱ፦ ከባድ ጀልባን በፒክአፕ ስለ መጎተት

ጀልባ ለመግዛት ያሰበ የፒክአፕ ባለቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው «መኪናዬ ይስበዋል ወይ?» ብሎ ነው። በገላንና በዱከም መካከል ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ ሁለት ቶን መሳብ የሚያቅተው ደህና የናፍጣ ፒክአፕ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ለጥያቄው «አዎ» የሚል መልስ ይሰጥና ባለቤቱ ደስ ብሎት ጉዞ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን የሚጎተተው ሁሉ ተደምሮ ስንት ኪሎ ግራም እንደሚሆን፣ ክብደቱ በየትኛው ጎማ ላይ እንደሚያርፍና የተንቀሳቀሰው ነገር በምን እንደሚቆም መታወቅ አለበት። ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ወደ ሐይቆቹ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ገላን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ሲሄዱ የሚፈተነው ፍሬን፣ ሲመለሱ የሚፈተነው ሞተር ነው።

ከመነሣት በፊት ሚዛን

የጀልባ ሻጭ የሚናገረው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የባዶው አካል ክብደት ብቻ ነው። ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው የፋይበር ግላስ ጀልባ አካሉ 950 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 170 ያህል ይጨምራል፤ 120 ሊትር ቤንዚን 90 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ሁለት ባትሪዎች 50፣ መልሕቁ፣ ገመዱ፣ የሕይወት አድን ጃኬቶቹና የመፍቻ ሳጥኑ በጥቅሉ 60 ይሆናሉ፤ የብረት ተሳቢው ብቻውን 480 ቢመዝን ድምሩ 1,800 ይደርሳል። «ቶን አትሞላም» ተብላ የተገዛችው ጀልባ አስፋልት ላይ ስትወጣ እጥፍ ልትሆን ትንሽ ቀርቷታል ማለት ነው። ከላሜራ ተበይዶ የተሠራ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ሊበልጥ ስለሚችል፣ በያጁ የነገረዎትን ግምት ይዞ ከመንቀሳቀስ መመዘን ይሻላል።

ይህን ድምር ከፒክአፑ መመሪያ መጽሐፍ ጋር ያስተያዩት። አዳዲሶቹ የሃይሉክስ፣ የዲ-ማክስና የሬንጀር ደብል ጋቢና ናፍጣ ሞዴሎች በብዙ አገሮች የራሱ ፍሬን ያለው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሚደርስ ተሳቢ እንዲጎትቱ የተፈቀደላቸው ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ሞዴሎች አቅም ግን ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ የጎረቤትዎ መኪና የጎተተውን የእርስዎም ይጎትታል ብለው አይገምቱ። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቀደው ጣሪያ በእነዚህ መኪኖች ላይ በአብዛኛው 750 ኪሎ ግራም ነው፤ ከላይ የተጠቀሰችው ጀልባ ያለ ተሳቢ ፍሬን መንገድ ላይ መውጣት እንደሌለባት ከዚሁ ቁጥር ይታያል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላው ነገር የተሳቢው አንገት (ወደ መኪናው የሚዘረጋው የፊት ብረቱ) በመኪናው ኳስ (ተሳቢው በሚያያዝበት ክብ ብረት) ላይ የሚጭነው ክብደት ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ የሚቀነስ መሆኑ ነው። ፒክአፑ 900 ኪሎ ግራም መጫን የሚችል ቢሆን፣ 190 በአንገቱ በኩል ከተጫነበትና አምስት ሰዎች 350 ከያዙ፣ ከኋላ በስፖንዳው ውስጥ ለሚጫነው ድንኳን፣ በረዶ ሳጥንና ከሰል የሚቀረው 360 ብቻ ነው።

በቃሊቲ፣ በገላንና በዱከም የጭነት መኪና የሚመዘንባቸው የምድር ሚዛኖች በአንዳንድ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ቅጥር ውስጥ ይገኛሉ፤ በትሕትና ጠይቆና የሚጠየቀውን ከፍሎ መመዘን ይቻላል። ሚዛኖቹ ለከባድ መኪና የተሠሩ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ኪሎ ግራም እርከን ነው የሚያነቡት፤ ለእኛ ጉዳይ ይህ ይበቃል። ጀልባው ለጉዞ በሚጫንበት ሁኔታ ሙሉ ዕቃውንና ነዳጁን እንደያዘ፣ በመጀመሪያ ተሳቢው ከመኪናው ተፈትቶ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከመኪናው ጋር ተያይዞ የተሳቢው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ቆመው፣ በመጨረሻም መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ ይመዘኑ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት በመኪናው ኳስ ላይ ያረፈው ክብደት ነው።

የመመዘንን ጥቅም የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በግቢዬ ሸራ ለብሳ የከረመችውን ጀልባ አያይዤ ወደ ዱከም ስነሣ፣ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ተሳቢው ጅራቱን ማወዛወዝ ጀመረ። ጎማ መስሎኝ ቆምሁ፤ ጎማው ደህና ነበር። ግቢ ተመልሼ ሸራውን ስገልጠው፣ መሐሉ ሰርጉዶ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ እንደ ጎርፍ ቦይ ወደ ውስጥ ሲያወርድ መክረሙ ገባኝ። የጎረቤት ልጅ ከኋላ በኩል የማፍሰሻውን ቡሽ ፈትቶ ጎንበስ እንዳለ «ጋሼ፣ ውሃው አልቆመም እኮ!» እያለ ሲጣራ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። በኋላ ወለሉን ለካሁት፦ ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር ከሃያ፣ ውሃው ደግሞ አሥር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነበረው። ይህም 360 ሊትር፣ ማለትም 360 ኪሎ ግራም ነው፤ ያውም ባለበት የሚቀመጥ ክብደት ሳይሆን መኪናው ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚሮጥ ክብደት። ከዚያ ወዲህ ጀልባዬ የብስ ላይ እስካለች ድረስ ቡሹ አይገጠምም።

የአንገቱ ክብደት

ተሳቢ መንገድ ላይ የሚወዛወዘው በአብዛኛው ክብደቱ ወደ ኋላ ስላደላ ነው። ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት አሥር በመቶ ያህሉ በመኪናው ኳስ ላይ ማረፍ ይኖርበታል፤ ለ1,800 ኪሎ ግራም 180 ማለት ነው። ሞተሩ ከኋላ የተንጠለጠለ ጀልባ በጠባዩ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል ከዚህ በታች መውረድ ይቀናዋል። የአንገቱ ክብደት በጣም ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ቁጭ ብሎ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪው ይለሰልሳል፣ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል።

የምድር ሚዛን ባይገኝ ሰው የሚመዘንበት የቤት ሚዛን ይበቃል። 180 ኪሎ ግራም በቀጥታ ቢያርፍበት ይሰበራልና፣ አንድ ጠንካራ ወራጅ እንጨት ይዘርጉና አንዱን ጫፍ በብሎኬት ላይ በተጋደመ ቧንቧ፣ ሌላውን ጫፍ ሚዛኑ ላይ በተጋደመ ሌላ ቧንቧ ያሳርፉት፤ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለው ርቀት 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የተሳቢውን አንገት ደግሞ ከብሎኬቱ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ላይ በጉማጅ እንጨት ደግፈው ያስቀምጡት። ሚዛኑ የሚያነበው የክብደቱን ሲሶ ስለሆነ በሦስት ይባዛል፤ 60 ካነበበ 180 አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ተሳቢው ደልዳላ መሬት ላይ መቆም፣ ጎማዎቹም በድንጋይ መታገድ አለባቸው።

ክብደቱ አንሶ ከተገኘ መልሕቁን፣ ባትሪዎቹንና የመፍቻ ሳጥኑን ወደ ፊት ማዛወር የመጀመሪያው መፍትሔ ነው። ይህ ካልበቃ ዊንቹ (ጀልባውን በካቦ የሚስበው መጠቅለያ) የቆመበትን ምሰሶ ፈትቶ ጀልባውን በሙሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት መሳብ ይቻላል፤ ሆኖም የጀልባው ኋላ፣ ሞተሩን የተሸከመው ክፍል፣ ከተሳቢው ድጋፍ ውጭ ሳይቀር መሆን አለበት። ብሎኬት ወይም የአሸዋ ጆንያ አፍንጫው ላይ ጭኖ ማመጣጠን ግን ሲደረግ ያየሁት ቢሆንም አልመክረውም።

ማያያዝ

የኳሱ መጠን አናቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በብዛት የሚገኘው 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዚያው ልክ የተሠራ መያዣ ራስ (ኳሱን የሚጎርሰው የተሳቢው አንገት ጫፍ) ብቻ ነው በላዩ የሚቀመጠው፤ ሰፋ ያለ ራስ በትንሽ ኳስ ላይ ቢገባም መንገድ ላይ ሲዘል መውጣቱ አይቀርም። መያዣ ራሱ ኳሱን ይዞ መቆለፉን ለማረጋገጥ ከቆለፉ በኋላ በአንገቱ ክሪክ ተሳቢውን ወደ ላይ ያንሡት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ተይዟል፣ ራሱ ብቻውን ከተነሣ አልተያዘም። የደህንነት ሰንሰለቶቹ ሁለት ሆነው ከአንገቱ በታች ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ እንዲህ ሲሆን ራሱ ቢወልቅ እንኳ አንገቱ አስፋልቱን ከመውጋት ይልቅ በሰንሰለቱ መስቀል ላይ ያርፋል። ኳሱ የተበየደበት ብረት ከመኪናው ሻንሲ ጋር በቡሎን መያያዝ አለበት፤ ከኋላ መከላከያው ጋር ብቻ የተበየደ ጋንቾ ለጥቂት ሜትር ለመጎተት ካልሆነ በቀር ለጀልባ አይሆንም።

በዊንቹ ካቦ ብቻ የታሰረ ጀልባ አልታሰረም። ዊንቹ ጀልባውን ከውሃ ለማውጣት የተሠራ ነው፤ ለጉዞ ሲሆን አፍንጫው በተለየ ሰንሰለት፣ ኋላው ደግሞ በሁለት የጭነት ማሰሪያ ቀበቶዎች ከተሳቢው ጋር ይጠፈር። ሞተሩ ወደ ላይ ተነሥቶ በድጋፍ ይቆለፍ፤ ከኋላ የወጣው የሞተሩ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት፤ ይህ በተለይ ተጠግተው ለሚነዱት ባጃጆች ሲባል ነው።

መብራቱን በተመለከተ አንድ የተለመደ ችግር አለ። በአካባቢያችን ጋራዦች ተሳቢ የሚለምዱት ከከባድ መኪና ጋር ሲሆን፣ የከባድ መኪና መሥመር 24 ቮልት፣ የፒክአፕ ግን 12 ቮልት ነው። ባለ 24 ቮልት አምፖል በፒክአፕ ላይ ሲገጠም ይበራል፣ ግን በቀን ብርሃን አይታይም፤ ባለቤቱም ማታ ግቢው ውስጥ ሞክሮት ስለነበር ሠርቷል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን በእኩለ ቀን፣ ሌላ ሰው ከኋላ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሞ እያየ ይሞክሩት።

ፍሬን፣ ጎማና ኩሽኔታ

የተሳቢ ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው አንገቱን በሚገፋበት ኃይል የሚሠራ ሲሆን፣ ሌላው በጋቢናው ውስጥ በሚገጠም መቆጣጠሪያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው ለጀልባ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ውሃ ውስጥ ተመላልሶ ለሚነከር ነገር የኤሌክትሪክ ሽቦ አይስማማውም። የትኛውም ቢሆን ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን ራሱ የሚስብ ቀጭን ካቦ ሊኖረው ይገባል፤ ካቦውም ከኳሱ ጋር ሳይሆን ከሻንሲው ጋር ይታሰር።

ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ይልመዱ። ከልኩ አጠገብ 106 የሚል ከተጻፈ ያ ጎማ የሚሸከመው 950 ኪሎ ግራም ነው። አንድ አክስል ያለው ተሳቢ በሁለት እንዲህ ያሉ ጎማዎች 1,900 ስለሚሸከም፣ 1,800 ለሚመዝን ጭነት የሚተርፈው መቶ ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ከዚህ ለሚከብድ ጀልባ ሁለት አክስል ያለው ተሳቢ መግዛት ወይም ማሠራት ያስፈልጋል። የጀልባ ተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳይበላ በፀሐይ ያረጃል። በጎኑ በኩል ባለ አራት አኃዝ የምርት ቁጥር አለ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ይዞ የሚነሣ ሰው ጎሚስታ ፍለጋ ላይ ነው የሚውለው። ስኮርታው የተሳቢው ልክ መሆኑንና የፒክአፑ ክሪክና መፍቻ ለተሳቢው ዳዶ የሚስማሙ መሆናቸውንም እዚያው ግቢ ውስጥ በተግባር ፈትተው ያረጋግጡ።

ኩሽኔታው ጠላቱ ውሃ ነው። ከረጅም መንገድ የመጣ የጋለ ሞዞ (ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የጎማው እምብርት) ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በማፈኛው ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶው ከውሃ ጋር ተደባልቆ እንደ ወተት ይነጣል፣ ኩሽኔታውም ይዝጋል። ይህ የሚታየው በዚያው ቀን ሳይሆን በሚቀጥለው ጉዞ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ሲደርሱ ቡና ጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያሳልፉ፣ ሞዞው በእጅ ሲነካ ቀዝቅዞ ሲያገኙት ብቻ ተሳቢውን ወደ ውሃ ያስገቡ።

መንገድ ላይ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያውኑ ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ መግባት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጎትት ሰው በአሮጌው መንገድ እስከ ቢሾፍቱ መሄድን እመርጥለታለሁ። በፈጣን መንገዱ ላይ እንደ ልብ መቆም የማይቻል ሲሆን፣ በአሮጌው ግን ዱከም ላይ ቆሞ ሞዞዎቹን በእጅ መዳሰስ፣ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅና ማሰሪያዎቹን ማየት ይቻላል። አንዱ ሞዞ እጅ የማያስቀምጥ ሆኖ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ ችግሩ ኩሽኔታው ላይ ወይም የተጣበቀ ፍሬን ላይ ነው። የአሮጌው መንገድ ጉዳቱ ጋሪው፣ ባጃጁና ቀለም የሌለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው፤ ጉብታውን የመኪናው ጎማዎች ከተሻገሩት በኋላ ነዳጅ የሚረግጥ ሰው የተሳቢውን ጎማዎች ይረሳል፤ ጀልባዋ ስትዘል የሚሰማው ድምፅ ግን በቶሎ ያስታውሰዋል።

ፍጥነትዎ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ። ከ60 ወደ 80 ሲያድግ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት 78 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን እየረገጡ ከመውረድ ይልቅ ገና ሳይጀምሩ ማርሽ ቀንሰው በማርሽ ይዘው ይውረዱ፤ በዜሮ ማርሽ መውረድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው ብለው ይያዙት። ይህ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ጥንቃቄ ነው፤ በሱሉልታ በኩል ወጥቶ ጀልባውን ወደ ጣና ለሚወስድ ሰው ግን፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የአባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ስለሚያስወጣ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ እግርዎን ከነዳጅ ላይ ያንሡና መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። ፍሬን በኃይል መርገጥ፣ መሪ ወዲያና ወዲህ ማዞር ወይም «ነዳጅ ሰጥቼ ላውጣው» ማለት ነገሩን ያባብሰዋል። ከቆሙ በኋላ የጭነቱን አቀማመጥ ሳያስተካክሉ ጉዞ አይቀጥሉ።

ወደ ኋላ ለመሄድ እጅዎን በመሪው ታችኛ ጫፍ ላይ ያድርጉ፤ የተሳቢው ጀርባ ወደ ግራ እንዲሄድ ሲፈልጉ እጅዎን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲፈልጉ ወደ ቀኝ ይግፉት። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ኮብልስቶን ላይ፣ ልጆች ከበው እያዩ ከመማር አስቀድሞ በባዶ ሜዳ አንድ ከሰዓት በኋላ መለማመድ ይሻላል።

ውሃ ዳር፣ ከዚያም መመለስ

የባቱው ዝዋይ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ጥልቀት አልባ ሐይቅ ነው። በዚህ ምክንያት ጀልባዋ እንድትንሳፈፍ ተሳቢው ከዳር ራቅ ብሎ መግባት ስለሚኖርበት፣ የመኪናው የኋላ ጎማዎች ጭቃ ውስጥ የመቅረታቸው ነገር የተለመደ ነው። መፍትሔው መኪናውን ደረቅ መሬት ላይ አቁሞ፣ ተሳቢውን ፈትቶ በአንገቱ ጎማ ላይ በማስደገፍ፣ በመኪናው ኋላ በታሰረ ረጅም ካቦ ቀስ እያሉ ወደ ውሃ ማውረድ ነው፤ ሲወጣም በዚያው ካቦ፣ በፎር ዊል ሎው ማርሽ ይሳባል። ካቦው ሲወጠር ማንም ሰው በአቅራቢያው አይቁም። የመብራቱ ሶኬት ተሳቢው ውሃ ከመንካቱ በፊት ይነቀል።

ሲመለሱ ሁሉም ነገር ተመሳሳይ ይመስላል፤ አየሩ ግን ይለያል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ገላን ሲደርስ ከአምስት አንድ እጁን ያህል አጥቷል፤ ባለ ቱርቦው የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። ከሞጆ ወዲህ ያለው መውጣት ረጅምና ቀስ ያለ በመሆኑ አሽከርካሪው ሳያስተውለው ሙቀቱ ይጨምራል። የራዲያተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ከተለመደው ቦታ ከተነሣ ማርሽ ቀንሰው፣ የጋቢናውን ማቀዝቀዣ አጥፍተው፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው በዝግታ ይንዱ፤ ካልወረደ ዳር ይዘው ይቁሙና ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ በዝግታ ይሥራ። ክዳኑን በጋለበት መክፈት ክልክል ነው። ለምልክት ሦስት ማዕዘን ያስቀምጡ፤ በድንጋይና በቅጠል ምልክት ማድረግ ካስገደደዎት ሲነሡ ድንጋዩን አንሥተው ይሂዱ፣ ማታ ሌላ ጎታች ይመጣበታልና።

ግቢ ሲደርሱ ተሳቢው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ሞዞዎቹ ግራሶ ይጨመርላቸው። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ አክስሉ በብሎኬት ላይ ይነሣ፣ አንገቱም ከፍ ብሎ ጀልባዋ ወደ ኋላ ታጋድል፤ ዝናብ ቢገባ በማፍሰሻው ይወጣል። የእኔ ጀልባ ቡሽ ከፒክአፑ ቁልፍ ጋር በቀለበት ታስሮ ይውላል፤ ሐይቁ ዳር ደርሼ ሞተር አጥፍቼ ቁልፉን ስነቅል እጄ ላይ ይመጣል።